መያዙ ተፈቀደ፣ መግዣው ግን የለም፦ የሕክምና ማሪዋና ሕግ በአሜሪካ ስቴቶች እንዴት ይወጣል?

በ2015 ጆርጂያ ውስጥ አንድ ሕግ ጸደቀ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ የተወሰነ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከማሪዋና የተዘጋጀ ዘይት ቤታቸው እንዲያስቀምጡ ፈቀደ። እስከ 20 ፍሉይድ አውንስ፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ የሚል። ጥሩ። ግን ዘይቱን ጆርጂያ ውስጥ ማምረት አልተፈቀደም። መሸጥም አልተፈቀደም። ከሌላ ስቴት ይዞ መምጣት ደግሞ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። አንዲት እናት የሐኪሟን ፊርማና የጤና ቢሮውን ካርድ ይዛ «እሺ፣ ከየት ልግዛው?» ብትል መልስ የሚሰጣት መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ይህ ሁኔታ ስምንት ዓመት ቆየ። የመጀመሪያዎቹ ሕጋዊ መሸጫዎች ማሪዬታና ሜከን ላይ የተከፈቱት በኤፕሪል 2023 ነው።

አትላንታ ዙሪያ፣ ክላርክስተን፣ ስቶን ማውንቴን፣ ዲካተር፣ ብዙ የእኛ ሰው ይኖራል። ስለ ማሪዋና ሲነሳ ሁለት ዓይነት ነገር እሰማለሁ። አንዱ «ኧረ በስመ አብ፣ ሐሺሽ ነው እኮ!» ይልና ወሬውን ይዘጋል። ሌላው «አሜሪካ ፈቅዶታል፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። የመጀመሪያው፣ የታመመ ልጅ ያለውን ቤተሰብ አፍ ያስይዛል። ሁለተኛው ግሪን ካርድ ሊያስነጥቅ ይችላል። እኔ ስቴቶች ማሪዋናን ለሕክምና መፍቀድ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ሕግ አውጪዎችን መወትወትም ተገቢ ነው። ግን «ፍቀዱልን» ብሎ መለመን ብቻውን አይበቃም። ምን ዓይነት ሕግ እንደምንጠይቅ ማወቅ አለብን።

ተክሉ ውስጥ ያለው

ማሪዋና ውስጥ በጣም ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። ለሕግ ክርክሩ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ቲኤችሲ የሚባለው የሚያሰክረው ነው። ሲቢዲ የሚባለው አያሰክርም። የጆርጂያው የ2015 ሕግ ቲኤችሲው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይሆን ወሰነ። ማጨስን አልፈቀደም። የተፈቀደው ዘይት ነው፤ በጠብታ ከምላስ ሥር የሚደረግ ዓይነት።

ለመሆኑ ይሠራል ወይ? ለአንዳንድ ሕመም አዎ፣ ለአንዳንዱ ትንሽ፣ ለብዙው ገና አልታወቀም። ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ ያለው በልጆች የሚጥል በሽታ ላይ ነው። ድራቬ ሲንድሮም የሚባል ከባድ ዓይነት አለ። በሕፃንነት ይጀምራል፣ በተለመደው መድኃኒትም አልበገር ይላል። በ2017 የወጣ ጥናት 120 ልጆችንና ወጣቶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ንጹሕ ሲቢዲ ወሰዱ። ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ወሰዱ። ሲቢዲ ከወሰዱት መካከለኛው ልጅ በወር ወደ 12 ጊዜ ይጥለው የነበረው ወደ 6 ወረደ። በሌላው ወገን ግን 15 ገደማ የነበረው 14 ላይ ቀረ። ከጉዳት ነፃ ግን አልነበረም። እንቅልፍ፣ ተቅማጥ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የጉበት ምርመራ ውጤት ከፍ ማለት ታይቷል።

አንድ ልጅ ሲጥለው ያየ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ሲይዙለት፣ አንዱ «አትንኩት» ሲል ሌላው ጸበል ሲረጭ፣ እናት መሬት ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ስትደግፍ። ይህ በወር 12 ጊዜ መሆኑ ቀርቶ 6 ጊዜ ሆነ ማለት ስድስት ቀን ተረፈ ማለት ነው።

ከዚህ ጥናትና ከሌሎች መሰሎቹ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ በጁን 2018 ኤፒዲዮሌክስ የሚባለውን መድኃኒት አጸደቀ። ይህን አጥብቄ ልናገር፤ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ኤፒዲዮሌክስ ከዚያው ተክል የወጣ ንጹሕ ሲቢዲ ነው። ሐኪም ያዝዘዋል፣ ከመደበኛ ፋርማሲ ይገዛል፣ በፌዴራል ሕግም ሕጋዊ ነው። የስቴት ካርድ አይፈልግም። የልጃችሁ ሕመም ድራቬ ወይም ሌኖክስ ጋስቶ ሲንድሮም (ሌላ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነት) ከሆነ ከዘይቱ በፊት ስለዚህ ሐኪሙን ጠይቁ። ዋጋው ግን አይቀመስም። ሲወጣ በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ተተምኖ ነበር። ስለዚህ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ወይም ኢንሹራንስ ይሸፍነው እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ነው።

ከሚጥል በሽታ ውጭስ? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 መጀመሪያ ላይ የነበረውን ጥናት ሁሉ ሰብስበው ትልቅ ዘገባ አወጡ። ጥሩ ማስረጃ አለ ያሏቸው ጥቂት ናቸው፦ በአዋቂዎች ላይ የቆየ ሕመምና ውጋት፣ በኬሞቴራፒ (በካንሰር መድኃኒት) የሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚሰማቸው የጡንቻ መኮማተር። ካንሰርን ይፈውሳል የሚለው በቴሌግራም የሚዞር ቪዲዮ ማስረጃ የለውም። ኬሞ አቋርጦ ዘይት መጠጣት ሕይወት ያሳጣል። ኬሞ የያዘ ሰው ትንሽ ምግብ እንዲቀመጥለት፣ እንዲተኛ፣ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው እንዲችለው ማድረግ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ይረዳል።

ጉዳቱም አይደበቅም። ቲኤችሲ አእምሮው ገና እያደገ ላለ ወጣት አይመከርም። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይበልጣል። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ወስዶ መኪና መንዳት አይቻልም። ሲቢዲም ቢሆን እንደ ዋርፋሪን ካሉ ደም ማቅጠኛዎች ጋር ይጋጫል። ሐኪሙ ሳያውቅ መውሰድ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዋሽንግተን ምን ይላል?

በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ አስቀመጠው። መደቡ «የታወቀ የሕክምና ጥቅም የለውም» የሚባሉት የሚገቡበት ነው። በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ወደ ሦስተኛው መደብ ዝቅ ይበል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። መደቡ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ግን ስቴቶች ውስጥ የሚሸጠውን ዘይት በፌዴራል ሕግ ሕጋዊ አያደርገውም።

ታዲያ ስቴቶች እንዴት ይፈቅዳሉ? እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የወንጀል ሕግ አለው። ካሊፎርኒያ በ1996 «በእኔ ሕግ ታማሚን አልቀጣም» ብላ ጀመረች። ዛሬ ወደ 40 የሚጠጉ ስቴቶች አንድ ዓይነት የሕክምና ፕሮግራም አላቸው። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮም ኮንግረሱ በዓመታዊው በጀት ውስጥ አንድ አንቀጽ እየጨመረ መጥቷል። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስቴቶችን የሕክምና ፕሮግራም ለማደናቀፍ ገንዘብ እንዳያወጣ የሚከለክል ነው። የፌዴራሉ ክልከላ አልተነሳም። የሚያስፈጽሙት ሰዎች እጅ ነው የታሰረው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ነገር ሕግ አርቃቂዎችን ብዙ ጊዜ ጥሏቸዋል። ሐኪም ማሪዋናን እንደ መደበኛ መድኃኒት ማዘዝ አይችልም፤ ካዘዘ የፌዴራል የማዘዣ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። «ይህ ሰው ይህ ሕመም አለበት፣ ሊጠቅመው ይችላል» ብሎ መመስከር ግን ይችላል። አሪዞና በ1996 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው ሕግ ሐኪሙ ማዘዣ እንዲጽፍ ይጠይቅ ነበር። የሚጽፍ ሐኪም አልተገኘም። ሕዝቡ በ2010 ሌላ ሕግ እስኪያጸድቅ ድረስ አሥራ አራት ዓመት ለታማሚ የረባ ነገር አልተገኘም። ጆርጂያ ራሷም በ1980 ለካንሰርና ለግላኮማ ሕሙማን የምርምር ፕሮግራም የሚፈቅድ ሕግ ነበራት። ያስፈጽማል የተባለው ቦርድ ሳይንቀሳቀስ ቀረና ሕጉ መጽሐፍ ላይ ብቻ ኖረ።

የአንዲት ሕፃን ሕግ

የ2015ቱ ሕግ የሄይሊ ኮክስን ስም የያዘ ነው። ሄይሊ ፎርሳይዝ በምትባል የጆርጂያ ከተማ የምትኖር ሕፃን ነበረች። በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ይጥላት ነበር። በ2013 ሲኤንኤን ላይ ዶክተር ሳንጄይ ጉፕታ ኮሎራዶ ውስጥ ሻርሎት ፊጊ የምትባል ልጅ በሲቢዲ ዘይት እንዴት እንደተሻላት ካሳየ በኋላ፣ ከየስቴቱ ቤተሰቦች ወደ ኮሎራዶ መሰደድ ጀመሩ። ሄይሊም ከእናቷ ጋር ሄደች። አባቷ ለሥራ ጆርጂያ ቀረ። ለልጅ መድኃኒት ፍለጋ ቤተሰብ ለሁለት ሲከፈል እኛ እንግዳ አይሆንብንም።

ጉዳዩን የያዘው አለን ፒክ የሚባል በዚያን ጊዜ የሜከን እንደራሴ የነበረ ሰው ነው። ሪፐብሊካን ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ከዚህ በፊት ለማሪዋና የተከራከረ ሰው አልነበረም። የሄይሊን ታሪክ ከሰማ በኋላ ግን ሥራዬ ብሎ ያዘው። በ2014 ረቂቁ የታችኛውን ምክር ቤት በሰፊ የድምፅ ብልጫ አለፈ። ሴኔቱ ላይ ከሌላ ረቂቅ ጋር ተጣበቀ፤ ለኦቲዝም ልጆች ስለ ኢንሹራንስ የሚናገር ነበር። ሁለቱ ምክር ቤቶች ሳይስማሙ ጉባኤው የመጨረሻው ምሽት ላይ አለቀ። ረቂቁም አብሮ ሞተ። የምክር ቤቱ ሕንፃ ደረጃ ላይ የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው የቆሙ እናቶች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው መጡ። ኤፕሪል 16 ቀን 2015 ገዥው ኔተን ዲል ፈረመ። ስምንት ሕመሞች ተዘረዘሩ፤ ካንሰር፣ የሚጥል በሽታ፣ ፓርኪንሰን፣ መልቲፕል ስክሌሮሲስ፣ ሲክል ሴል ከእነሱ መካከል ናቸው። በ2017 ኦቲዝም፣ አልዛይመርና ኤድስ ተጨመሩ። በ2018 ደግሞ የማይለቅ ሕመምና ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት። እየሰፋ ሄደ። ዘይቱን ከየት ማግኘት እንደሚቻል ግን ሕጉ ያኔም ዝም እንዳለ ነበር። ገዥው ጆርጂያ ውስጥ እንዲበቅል አልፈለገም። የፖሊስና የሸሪፍ ማኅበራትም «ዛሬ ለሕክምና፣ ነገ ለመዝናኛ» ብለው ተከራከሩ። ስጋታቸው ከንቱ ነው አልልም፤ ሌሎች ስቴቶች ላይ እንደዚያ ሆኗል። ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ሰጥቶ መንገዱን እንደ መዝጋት ያለ ሕግ፣ ሕግ አክባሪውን ሰው ነው የሚቀጣው። ሕግ የማይፈራውማ ድሮም ያገኘዋል።

በእነዚያ ዓመታት ምን ሆነ? ፒክ ዘይቱ ከሌላ ስቴት እየተላከለት ለተመዘገቡ ታማሚዎች ያለ ክፍያ ያከፋፍል እንደነበር ራሱ በይፋ ተናግሯል። ሕግ ያወጣው ሰው በራሱ ሕግ ክፍተት ምክንያት የፌዴራል ሕግ እየጣሰ መድኃኒት ያድላል። ያ ዕድል የሌላቸው በፖስታ አዘዙ፣ ስቴት አቋርጠው ነዱ፣ ወይም ነዳጅ ማደያ ሱቅ ላይ «ሲቢዲ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብልቃጥ ገዙ።

ብልቃጡን ጠጋ ብለን እንየው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝቶ መረመረ። መለያው ላይ የተጻፈው መጠን ትክክል ሆኖ የተገኘው 26ቱ ላይ ብቻ ነው። ከ84ቱ 18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኘ። ለልጁ አምስት ጠብታ ያለ አባት አምስት ጠብታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከእኛ ሰው ብዙው የማዕዘን ሱቅና የነዳጅ ማደያ ይሠራል፣ ይህን ዕቃ ከሲጋራው ጎን ያየዋል። ለሚጠይቃችሁ ደንበኛ መድኃኒት ነው ብላችሁ አትሽጡ። ሕጋዊ መሸጫ ላይ የሚገኘው ዘይት ግን በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ መጠኑ በሚሊግራም ተጽፎ ነው የሚወጣው። ለእኔ ከ«መፍቀድ» ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

መግዣ የሚፈቅደው ሕግ በ2019 ወጣ፤ ገዥው ብራያን ኬምፕ ፈረመ። ስድስት ድርጅቶች አምርተው እንዲሸጡ፣ አንድ ኮሚሽንም እንዲቆጣጠር ተባለ። ደስታ ሆነ። ደስታው ግን ብዙ አልዘለቀም። ፈቃድ ያላገኙ ድርጅቶች አቤቱታና ክስ አቀረቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፈቃዶች የተሰጡት በሴፕቴምበር 2022 ነው። መሸጫ ከተከፈተ በኋላም ነገሩ አልቀለለም። በ2023 መገባደጃ ላይ ጆርጂያ ተራ የግል ፋርማሲዎች ዘይቱን እንዲሸጡ በመፍቀድ ከአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሆነች። ሳምንታት ሳይቆዩ የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለፋርማሲዎቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ።

ካርዱ የማይሸፍነን ነገር

አሁን ወደ ራሳችን። ይህን ክፍል ዘለል አታድርጉት።

የስቴት ካርድ ከስቴቱ ፖሊስ ያድናል። ከኢሚግሬሽን አያድንም። ኢሚግሬሽን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። በኤፕሪል 2019 የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ግልጽ መመሪያ አወጣ፦ ማሪዋና በስቴቱ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ መጠቀምም ሆነ በዘርፉ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል። ሳትከሰሱ፣ ሳይፈረድባችሁ፣ ለመኮንን «አዎ፣ እጠቀማለሁ» ማለት ብቻውን ችግር ሊያመጣ ይችላል። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አየር ማረፊያ ላይ ስልክ ውስጥ የተገኘ ፎቶም የጥያቄ መነሻ ሊሆን ይችላል። መሸጫው ላይ ካሽየር ሆኖ መቀጠርም ያው ነው፤ ሥራው የስቴት ፈቃድ ያለው መሆኑ አያድንም።

ክላርክስተን በ2016 ከአንድ አውንስ በታች ማሪዋና ይዞ የተገኘ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት ወደ 75 ዶላር አወረደች። ብዙ ሰው ያን ሰምቶ «ክላርክስተን ተፈቅዷል» አለ። አልተፈቀደም። የቅጣቱ መጠን ነው የቀነሰው። የስቴቱ ሕግ እንዳለ ነበር፣ የፌዴራሉም እንዳለ ነበር። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ዋናው ጉዳት 75 ዶላሩ አይደለም።

ትራክ የምትነዱ ወንድሞችም ስሙ። ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ያለው ሹፌር የሚመረመረው በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ነው። ቲኤችሲ ከተገኘበት የስቴት ካርድ አለኝ ማለት ሰበብ አይሆነውም። «ሲቢዲ ብቻ ነው የወሰድኩት» ማለትም አይሠራም፤ ከላይ ያልኳቸውን 18 ብልቃጦች አስታውሱ። በፌዴራል ድጎማ የሚከራይ ቤት ለማግኘት የሚያመለክት ቤተሰብም ይህን ማወቅ አለበት፤ እዚያም የሚሠራው የፌዴራሉ ሕግ ነው።

ስለዚህ ዜጋ ያልሆነ ሰው ካርድ ከማውጣቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። የጎረቤት ምክር እዚህ ላይ አይበቃም።

ጎልድ ዶም ውስጥ

ጆርጂያ ውስጥ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ሕግ በቀጥታ ለድምፅ ማቅረብ አይችልም። በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ እንደሆነው አይደለም። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የስቴቱን ሕግ አውጪዎች ማሳመን። 180 እንደራሴዎችና 56 ሴናተሮች አሉ። ጉባኤው በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ይጀመርና ለ40 የሥራ ቀናት ይቆያል። ሃያ ስምንተኛው ቀን ወሳኝ ነው። እስከዚያ ቀን ከአንዱ ምክር ቤት ያላለፈ ረቂቅ የዚያ ዓመት ዕድሉ በአብዛኛው አለቀ።

ረቂቅ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በድምፅ ተሸንፎ አይደለም። ኮሚቴ ውስጥ ሰብሳቢው አጀንዳ ሳያስይዘው ይቀራል። ለዚህ ነው ደብዳቤ ለገዥው ብቻ መጻፍ የማይጠቅመው። ለሁለት ሰው ጻፉ፦ ለራሳችሁ እንደራሴ፣ አድራሻችሁን አስገብታችሁ ማን እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ እና ረቂቁን ለያዘው ኮሚቴ ሰብሳቢ። የራሳችሁ እንደራሴ የሚያነበው የሱ ወረዳ ነዋሪ ስለሆናችሁ ነው። ስለዚህ የምትኖሩበትን ሰፈርና ዚፕ ኮድ የመጀመሪያው መስመር ላይ አስፍሩ።

በአካል መሄድም ይቻላል። ሕንፃው ጉልላቱ ወርቅ ስለተለበጠ ሰው ጎልድ ዶም ይለዋል። የምክር ቤቶቹ አዳራሾች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። በራቸው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ትንሽ ወረቀት ላይ ስማችሁንና ማንን እንደምትፈልጉ ትጽፋላችሁ፣ ተላላኪ ተማሪዎች ይዘውት ይገባሉ፣ እንደራሴው ከቻለ ወጥቶ ገመዱ አጠገብ ያነጋግራችኋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ከጎናችሁ በሱፍ የለበሱ የድርጅት ወትዋቾች ይኖራሉ፤ እነሱም ወረፋ ነው የሚጠብቁት። የመግቢያ ክፍያ የለም፣ ጠበቃ መያዝም አያስፈልግም።

ዜጋ አለመሆን ከዚህ አያግድም። መምረጥ አትችሉም፣ አቤት ማለት ግን ትችላላችሁ።

ምን ትሉታላችሁ? «ማሪዋና ይፈቀድ» ከማለት ይልቅ የሚሠራ ሕግ ምን እንደሚመስል ጠይቁት። ዘይቱ የት ይመረታል፣ የት ይሸጣል? ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እስከ መቼ መጨረስ አለበት፣ ክስ ቢመጣስ ታማሚው እስኪፈታ ይጠብቃል ወይ? ማን ነው ምርቱን የሚመረምረው? ሐኪሙ ከመመስከር ያለፈ ነገር ይጠየቃል? አዲስ ሕመም ወደ ዝርዝሩ ለመጨመር በየዓመቱ አዲስ ሕግ ያስፈልጋል ወይስ የጤና ቢሮው ሊጨምር ይችላል? ለልጁ የሚያጠጣ ወላጅ፣ ለእናቱ የሚሰጥ ልጅ፣ ከክስ ይጠበቃል? ዋጋውንም አንሱ። ኢንሹራንስ ይህን አይሸፍንም። ሁለት መሸጫ ብቻ ያለበት ስቴት ውስጥ ደግሞ ድሃው ሩቅ ነው የሚነዳው።

የራስን ታሪክ መናገር ከሁሉም ይበልጣል፤ ከ2014 እስከ 2019 ጆርጂያ ላይ ነገሩን የገፉት ወላጆች ናቸው። እዚህ ላይ ግን እኛ የምንጠነቀቀው ነገር አለ። ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው «እኔ ወስጄው ተሻለኝ» ብሎ መጻፍም ሆነ ኮሚቴ ፊት መናገር የለበትም። የኮሚቴ ስብሰባዎች በቪዲዮ ይተላለፋሉ፣ ቃሉ ተመዝግቦ ይቀራል። ስለ ሕመሙ ተናገሩ፣ ስለ ዘይቱ ሳይሆን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ዲካተር (ዚፕ ኮዱን እዚህ ጻፉ) ነው የምኖረው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለበት። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሞክረናል። ትምህርት ቤት ከሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል፣ እኔም የሌሊት ሥራዬን ትቻለሁ። ሐኪሙ ሌላ አማራጭ አለ ሲለኝ ተመርምሮ የተሸጠ፣ መጠኑ የታወቀ ነገር ከሰፈሬ መግዛት እፈልጋለሁ። ረቂቁ ይህን ያስችል እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ይህ ደብዳቤ አንድም ጥፋት አላመነም። የአንድ ገጽ ሩብ እንኳ አይሞላም። መጨረሻው ላይ ያለው ጥያቄ ደግሞ ግልጽ መልስ ይጠይቃል። እንደራሴው አዎ ወይም አይደለም እንዲል ይጠበቃል፣ እናንተም የሰጠውን መልስ መዝግባችሁ አስቀምጡ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው እናቶች ካሉ በአማርኛ ጽፈው ልጆቻቸው ይተርጉሙላቸው፤ የኮሚቴው ቀን ላይም አስተርጓሚ ይዘው ይቅረቡ። ለምስክርነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ስለሆነና ትርጉሙ ግማሹን ስለሚወስድ፣ የሚናገሩትን አንድ ደቂቃ እንዲሆን አድርገው ቤት ይለማመዱት። ስም ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል።